ሁለተኛው ጥይት

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው እንበል። ውሻው ይጮኻል፤ ከበረቱ በኩል ኮሽታ ይሰማል። ገበሬው ጠመንጃውን አንሥቶ ሲወጣ ሁለት ሰዎች በሬዎቹን እየፈቱ ነው። አንደኛው ዞር ብሎ ክላሹን ይደግንበታል። ገበሬው ይቀድመዋል፤ የደገነው ሰው ይወድቃል። ሁለተኛው ሌባ መሣሪያ አልያዘም፤ በሬዎቹን ትቶ ቁልቁለቱን ይሮጣል። ገበሬው አነጣጥሮ ጀርባውን ይለዋል። ሁለት ጥይት፣ ሁለት ሬሳ፤ በመካከላቸው አንድ ደቂቃ እንኳ አላለፈም።

ሲነጋ መንደሩ ሁለቱን ጥይቶች አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ሌቦች ናቸው፤ በሌሊት መጡ፤ ሞቱ። ፍርድ ቤት ግን እያንዳንዱን ለብቻው ይመዝናል። የመጀመሪያው ጥይት ገበሬውን ላያስቀጣው ይችላል፤ ሁለተኛው ለዓመታት ሊያሳስረው ይችላል። ሰውየው ያው ነው፤ ጠመንጃውም ንዴቱም ያው ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ቢኖር በሕይወቱ ላይ የተቃጣው አደጋ ማለፉ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምሟገትለት ነጥብም ይኸው ነው። ሕግ ራስን ለመከላከል ሰው እስከመግደል የሚያደርስ ኃይል ሲፈቅድ፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ለመልካም ሰው ወይም ለተበደለ ሰው ብሎ አይደለም። ፈቃዱ ከአደጋው ጋር ይመጣል፤ ከአደጋው ጋር ይሄዳል። ይህን ያላወቀ ሰው ነገሩን ተበዳይ ሆኖ ጀምሮ ገዳይ ሆኖ ይጨርሰዋል።

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ስለ ሕጋዊ መከላከል የሚናገረው በሁለት አጫጭር አንቀጾች ነው፤ በ78 እና በ79። ሕጉ በ1996 ዓ.ም. የወጣና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ነው። የአንቀጾቹ ሐሳብ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ባረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ አንቀጽ 74 እና 75 ሆነው ይገኙ ነበር። ዘውዱ ወደቀ፤ ደርግ መጥቶ ሄደ፤ ሕገ መንግሥት ተቀየረ፤ እነዚህ ድንጋጌዎች ግን በመሠረታዊ ሐሳባቸው እስከ ዛሬ ዘልቀዋል።

አንቀጽ 78 በቀላል ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው። በአንድ ሰው ወይም በሌላ ሰው መብት ላይ ሕገወጥ ጥቃት ሲፈጸም ወይም ሊፈጸም ሲቃረብ፣ ጥቃቱን ለመመለስ የተደረገ ነገር አያስቀጣም። ይህ የሚሆነው ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለ፣ አጸፋውም ከጥቃቱ ክብደትና ሊጠበቅ ከተፈለገው መብት ዋጋ ጋር ከተመጣጠነ ነው። መከላከል ለሥጋ ዘመድ ብቻ የተተወ አይደለም። መንገድ ላይ ስትደበደብ ላያት፣ ስሟን እንኳ ለማያውቃት ሴት ደርሶ የሚከላከል ሰው በዚሁ አንቀጽ ይጠበቃል። በአንጻሩ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ በሕግ አግባብ ሊይዘው በመጣ ፖሊስ ላይ የሚተኩስ ሰው የአንቀጹ ተጠቃሚ ሊሆን አይችልም፤ የመጣበት ነገር ሕገወጥ ጥቃት አይደለምና።

ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው መመዘኛ፣ የጊዜው ጉዳይ ነው። ባለፈው ሳምንት ጠላ ቤት ውስጥ «ሳልገድልህ አልቀርም» ብሎ የዛተ ሰው፣ ዛሬ እርሻው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያርም ቢገደል፣ ገዳዩ «እሱ ሳይቀድመኝ ቀደምኩት» ማለቱ አያድነውም። ዛቻው ራሱ የሚያስጠይቅ ነው፤ ለዛቻ መልሱ ግን አቤቱታና ሽምግልና እንጂ ጥይት አይደለም። ወደ ኋላም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ወንድሙ የተገደለበት ሰው ገዳዩን ከዓመት በኋላ ገበያ መሐል አግኝቶ ቢተኩስ፣ ሐዘኑ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ የሚከላከለው ጥቃት የለም። ያለፈ ጥቃት በጥይት አይመለስም።

ይህን ስጽፍ ደም መመለስ ዛሬም ድረስ የሚበላቸውን ቤተሰቦች እያሰብኩ ነው። አንድ ወጣት ከልጅነቱ ጀምሮ የአባቱን ገዳይ ስም እየሰማ ሲያድግ፣ የገዳዩ ልጅ ደግሞ ያንን ወጣት እየፈራ መሣሪያ ታጥቆ ሲያድግ፣ ሁለቱም ራሳቸውን የሚከላከሉ ይመስላቸዋል። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚያምኑት። በዚህ ነገር ሕጉና ደም ለማድረቅ ከመንደር መንደር የሚንከራተቱት ሽማግሌዎች አንድ ቃል ናቸው፦ ጥላ ውስጥ አድፍጦ የሚጠብቅ ሰው ተከላካይ አይባልም።

አስቸጋሪው ግን ከመካከል ያለው ነው፤ በአንድ ጠብ ውስጥ አደጋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር። ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ተጣሉ እንበል። አንደኛው ገጀራ አነሣ። ሌላው በዱላው ክንዱን መታውና ገጀራው ወደቀ። እስከዚህ ድረስ ዱላ የያዘው ሰው ከአንቀጽ 78 አልወጣም። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ገጀራ አነሣና ክንዱ የተሰበረውን ሰው አንገቱን መታው። ባለገጀራው ጠቡን መጀመሩ እውነት ነው፤ ሊገድል መምጣቱም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያቺ የመጨረሻ ምት ስታርፍ ማን ማንን እያጠቃ ነበር? ዳኛው የሚጠይቀው ይህን ነው። «የጀመረው እሱ ነው» የሚለው መልስ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት አለመቻል የሚለው ሁለተኛው መመዘኛ ወንዶችን ይበልጥ ያስቆጣል። መሸሽ ይቻል ከነበረስ? አንቀጹ «ሽሽ» ብሎ አያዝም፤ ሌላ መንገድ ነበረ ወይ ብሎ ግን ይጠይቃል። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ በር ዘግቶ መቅረት ወይም ዞሮ መሄድ ያለ አደጋ ይቻል ከነበረ፣ እያወቀ እሱን ትቶ መግደልን የመረጠ ሰው የመመዘኛውን ፈተና ያልፋል ማለት ያስቸግራል። ልጇን ትታ ካልሆነ በቀር መሸሽ የማትችል እናት፣ እግሩ የማያነሣው ሽማግሌ፣ ጀርባውን ቢያዞር የሚተኮስበት ሰው ግን ሌላ መንገድ ነበራቸው አይባልም።

በአሜሪካ ይህ ጥያቄ እንደየግዛቱ መልሱ ይለያያል፤ እዚያ ለሚኖሩ ወገኖቻችንም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሚኖር ሰው ከቤቱ ውጭ ጥቃት ቢደርስበት፣ ያለ አደጋ ማፈግፈግ እስከቻለ ድረስ ገዳይ ኃይል ከመጠቀሙ በፊት ማፈግፈግ ይጠበቅበታል። ያው ሰው የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ቢሆን ግን፣ ጠቡን እሱ እስካልጀመረው ድረስ የማፈግፈግ ግዴታ የለበትም። ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን «ባለህበት ቁም» የሚል መርሕ በሕግ ካጸናች በኋላ ብዙ ግዛቶች ተከትለዋታል። ቢሆንም እነዚህ ግዛቶች ያነሡት የመሸሽን ግዴታ ነው። ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የሚያደርስ አደጋ ፊት ለፊት መኖር አለበት የሚለው እዚያም አለ።

ሦስተኛው መመዘኛ ምንን ለማዳን ምን ጠፋ የሚለው ነው። እዚህ ላይ በጣም አሮጌ ሐሳብ አለ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ሌባ ቤት ሲቆፍር ተይዞ ቢሞት በገዳዩ ላይ የደም ዕዳ እንደሌለበት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን ዕዳው እንዳለበት ይደነግጋል። ሌሊቱና ቀኑ የተለዩበትን ምክንያት መገመት አይከብድም። በጨለማ የገባው ሰው ለንብረት ይምጣ ለነፍስ አይታወቅም፤ የሚረዳ ጎረቤትም አይደርስም። ቀን ላይ ሌባው ይታያል፤ ይታወቃል፤ በኋላም ሊያዝ ይችላል። የሌሊቱ ሌባ ነገር ዛሬም አልሞተም። በቴክሳስ ሕግ ሌሊት ከሚፈጸም ስርቆት ንብረትን ለማዳን፣ ሌላ መንገድ ከጠፋ፣ ገዳይ ኃይል መጠቀም የሚፈቀድበት ሁኔታ አለ።

በእኛ ሕግ ጨለማው ብቻውን አይበቃም። ንብረትም የሚከላከሉት መብት ነው፤ ሌባን መግፋት፣ መታገል፣ ጥሎ ማሰር ይቻላል። መመጣጠን የሚለው መመዘኛ ግን በአንዱ ሚዛን ላይ ያለውን ሕይወት ከሌላው ሚዛን ላይ ካለው ዕቃ ጋር ያስተያያል፤ ለዕቃ ሲባል መግደል ደግሞ በዚህ ሚዛን ላይ በቀላሉ አይቆምም። ሁለት በሬ ለአንድ ገበሬ ምን እንደሆነ አልዘነጋሁም፤ የዓመቱ እርሻ ነው፤ የልጆቹ ጉርሻ ነው። ሆኖም የገበሬውን የመጀመሪያ ጥይት ሕጋዊ ያደረጉት በሬዎቹ አይደሉም። የደገነበት ክላሽ ነው። አንዳንድ ሰው ፈቃድ ያለው መሣሪያ መያዙን ለመተኮስም እንደተሰጠው ፈቃድ ይቆጥረዋል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመለከተው የመሣሪያውን አያያዝ ነው፤ የተተኮሰችው ጥይት የምትመዘነው በወንጀል ሕጉ ነው።

የሚሸሽ ሌባን ስለመተኮስ የተሰጠ አንድ የታወቀ ውሳኔ አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 በቴነሲ ግዛት፣ ሜምፊስ ከተማ፣ አንድ ፖሊስ ከተዘረፈ ቤት ወጥቶ አጥር የሚዘል የ15 ዓመት ልጅ በጥይት መታ፤ ልጁ ሞተ። የተገኘበት አሥር ዶላርና አንድ ቦርሳ ነበር፤ መሣሪያ አልያዘም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 እንደወሰነው፣ ፖሊስ እንኳ ቢሆን፣ የሚሸሸው ሰው በሌላ ሰው ላይ ከባድ አደጋ ያደርሳል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ከሌለው፣ ለማምለጥ ስለሮጠ ብቻ ሊገድለው አይችልም። ለመንግሥት የጸጥታ ኃይል ያልተፈቀደ ነገር ለባለ በረቱ የሚፈቀድበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ፍርሃት እንምጣ። ሰው የሚተኩሰው ባየው ነገር ብቻ አይደለም፤ ያየ በመሰለውም ነገር ይተኩሳል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1984 በኒውዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ አራት ወጣቶች በርንሃርድ ጌትዝን ከበቡትና አንደኛው አምስት ዶላር ጠየቀው። ጌትዝ ሽጉጡን መዝዞ አምስት ጊዜ ተኮሰ፤ አራቱም ቆሰሉ። በኋላ ለፖሊስ በሰጠው ቃል፣ ከተኩሱ በኋላ ወደ አንደኛው ወጣት ሄዶ ያን ያህል እንዳልተጎዳ ባየ ጊዜ ዳግመኛ እንደተኮሰበት ተናግሯል። ያ ወጣት ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ ቀረ። ጌትዝ ቀደም ሲል ተዘርፎና ተደብድቦ ያውቃል፤ ፍርሃቱ የውሸት ነበር ብሎ መናገር ይከብዳል። የኒውዮርክ ከፍተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1986 ያነሣው ጥያቄ ግን፣ በእሱ ቦታና በእሱ ሁኔታ የነበረ ምክንያታዊ ሰው እንዲሁ ያምን ነበር ወይ የሚል ነው። የተከሳሹ ልብ ብቻውን መለኪያ ቢሆን፣ አብዝቶ የሚፈራ ሰው አብዝቶ የመግደል መብት ይኖረዋል። ፍርድ ቤቱ ይህን አልተቀበለም።

እ.ኤ.አ. በ1987 የዳኝነት ሸንጎው ጌትዝን ከግድያ ሙከራ ነጻ አውጥቶ ያለ ፈቃድ መሣሪያ በመያዝ ብቻ ጥፋተኛ አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ በፍትሐ ብሔር ክርክር ሌላ ሸንጎ ሽባ ለሆነው ወጣት 43 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት። የከተማዋ ሕዝብ ወንጀል ሰልችቶት ስለነበር ብዙ ሰው እንደ ጀግና አወድሶታል። እኔ ያንን ጭብጨባ መጋራት አልቻልኩም። በሰጠው ቃል ላይ ያለችው ተጨማሪ ጥይት እውነት ከሆነች፣ ስትተኮስ የሚዘርፍም የሚያስፈራራም ሰው አልነበረም።

ከዚህም የከፋ ስሕተት አለ፤ አደጋው ከመጀመሪያውም ያልነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1992 በሉዊዚያና ግዛት፣ ባተን ሩዥ ከተማ፣ ለትምህርት የመጣ የ16 ዓመት ጃፓናዊ ተማሪ ወደ አንድ ግብዣ ሲሄድ ቤት ተሳስቶ ደወል ደወለ። ባለቤቱ ሽጉጥ ይዞ ወጥቶ «እንዳትንቀሳቀስ» አለው፤ ልጁ አልገባውም፤ ቀረበ፤ ተተኮሰበት። የወንጀል ችሎቱ ባለቤቱን ነጻ አወጣው፤ የፍትሐ ብሔሩ ፍርድ ቤት ግን ካሳ እንዲከፍል ፈረደበት። በእኛ ሕግ እንዲህ ያለ ጉዳይ አንቀጽ 80ን ይጠራል። በፍሬ ነገር የተሳሳተ ሰው የሚዳኘው እሱ በመሰለው ሁኔታ ነው፤ ቢጠነቀቅ ኖሮ ስሕተቱን ማስቀረት ይችል ከነበረ ግን በቸልተኝነት ይጠየቃል። ማታ በር ላይ የቆመው የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። «ማነው?» ብሎ መጠየቅ የሚወስደው ትንፋሽ የሚቆጠረው እዚህ ላይ ነው።

ከመጠን ያለፈ ሰውስ? ሕጉ እዚህ ላይ ርኅራኄ ያሳያል፤ ልክም ነው እላለሁ። ሞት ፊቱ ላይ ቆሞ የጨረፈው ሰው ሰከንድ ቆጥሮ፣ ምት ለክቶ እንዲንቀሳቀስ የሚጠብቅ ዳኛ ሰው አያውቅም። አንቀጽ 79 ያልተመጣጠነ ነገር የተጠቀመ ወይም አደጋውን ለመመለስ ከሚያስፈልገው አልፎ የሄደ ተከላካይ ቅጣቱ በሰፊው እንዲቀልለት ያዛል። ከመጠን ያለፈው ጥቃቱ ባስከተለበት ይቅር ሊባል በሚችል ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም የስሜት መነሣሣት ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ላይቀጣው ይችላል። ሰው የሞተ እንደሆነ አንቀጽ 541 አለ፤ ከመከላከል ወሰን አልፎ የገደለ ሰው ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል። ልዩነቱን ለማየት አንቀጽ 540ን አጠገቡ አድርጎ ማንበብ ነው፤ ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

የገበሬው ሁለተኛ ጥይት በእነዚህ በሁለቱ አንቀጾች መካከል ይወድቃል። ጠበቃው «ያው ጥቃት ነው፤ ደሙ ገና ፈልቶ ነበር፤ የደነገጠ ሰው ነው» ይላል። ዐቃቤ ሕጉ «ያ ሰው መሣሪያ አልነበረውም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር፤ ሬሳው ከበረቱ ርቆ ነው የተገኘው» ይላል። የሕክምና ማስረጃው እዚህ ላይ ይናገራል፤ ጥይቱ በየት በኩል ገባ፣ ከምን ያህል ርቀት ተተኮሰ። የሟቹ መሣሪያ የት ነው? ቀለሃው የት ወደቀ? ማን ቀድሞ ለፖሊስ ነገረ? ሬሳውን ያንቀሳቀሰ ወይም ገጀራውን ያጠበ ሰው ለራሱ ሊመሰክርለት የሚችለውን ብቸኛ ማስረጃ በእጁ ያጠፋል። እንዲህ ባለ ሌሊት ሌላ የዓይን ምስክር የለም።

አሁን ይህ ሁሉ የጊዜ ልኬት በሴቶች ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን እንይ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ አርሲ ውስጥ፣ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረስ በጋለቡ ወንዶች ተጠለፈች። ተደበደበች፤ ተደፈረች። ጠላፊዋ ሚስቱ ሊያደርጋት ነበር። የእሱን ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ተከተሏት፤ ሲደርሱባት ተኮሰች፤ ጠላፊው ሞተ። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ጉዳዩን ያዘ። ማህበሩን ከመሠረቱት አንዷና በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ተሟገቱላት። ከብዙ ወራት ክርክር በኋላ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2014 «ድፍረት» በተባለው ፊልም ተሠርቷል።

በብዙዎች ዓይን ጥቃቱ አልቆ ነበር፤ ልጅቱ የተበቀለች ይመስላል። በሕግ ዓይን ግን ጠለፋ አንድ ቀን ተፈጽሞ የሚያበቃ ነገር አይደለም፤ የተጠለፈችው ልጅ ነጻ እስክትወጣ ድረስ ጥቃቱ ይቀጥላል። የሚያሳድዷት ሰዎች ሲደርሱባት ያ ሁሉ ሥቃይ ሊደገም ነበር። ሌላ መንገድ? መሸሽን ሞክራዋለች፤ እየሸሸች ነው የደረሱባት። በጊዜው የነበረው ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ትቶለት ነበር። የ1996ቱ ሕግ በአንቀጽ 587 ይህን ቀዳዳ ዘጋው፤ ጋብቻ ጠላፊን ከወንጀል አያድነውም።

እሷን ያዳናት ተኩሱ ከማሳደዱ ጋር በአንድ ቅጽበት መግጠሙ ነው። ለዓመታት ባሏ የደበደባትና ሲተኛ ጠብቃ የገደለችው ሴትስ? በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1989 አንዲት ሴት ከአሥር ዓመት ሥቃይ በኋላ የተኛ ባሏን አቃጠለች፤ ሞተ፤ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። በ1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አደረገ፤ ጥፋቱ ከነፍስ ግድያ ወደ ቀለለ ግድያ ወርዶ የታሰረችው ጊዜ እንደ ቅጣት ተቆጥሮላት ተለቀቀች። በ2009 በወጣው የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ ከባድ ጥቃትን መፍራት ራስን መቆጣጠር ላለመቻል እንደ ምክንያት ታውቋል፤ ቁጣው ድንገተኛ መሆን አለበት የሚለውም ቀርቷል። ነጻ አያወጣም፤ ጥፋቱን ግን ያቀልላል።

በእኛ ሕግ እንዲህ ያለች ሴት አንቀጽ 78 ውስጥ መግባት ይከብዳታል፤ የተኛ ሰው በዚያች ቅጽበት አያጠቃም። መጠበቋን ዐቃቤ ሕጉ አስባ ተዘጋጅታበታለች ብሎ ካቀረበው፣ የዕድሜ ልክ ወይም የሞት ቅጣት ባለበት በአንቀጽ 539 ልትጠየቅ ትችላለች። ጠበቃዋ ደግሞ የአንቀጽ 541ን ሁለተኛ ክፍል ይዞ፣ ሁኔታዋ የሚያስረዳውና በመጠኑም ቢሆን ይቅር የሚያስብል ኃይለኛ ስሜት እንደነበረባት ይከራከራል፤ ይህ ከተሳካለት ጣሪያው 5 ዓመት ነው። ያን ሁሉ ርቀት የሚወስነው ችሎቱ ከዚያች ሌሊት በፊት ስለነበሩት ዓመታት የሚሰማው ነገር ነው። የጎረቤት ምስክር፣ የጤና ጣቢያ ካርድ፣ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ቀርቦ የነበረ አቤቱታ ከመዝገቡ ጋር ካልተያያዘ፣ ዳኛው ፊት የሚቀርቡት አንድ የተኛ ሰውና አንዲት ስለት የያዘች ሴት ብቻ ናቸው።